ዶማና አካፋዬን የት ላድርጋቸው? (የኮንዶሚኒየም ጓሮ ያላችሁ ኑ)

አራተኛ_ፎቅ (ኮዬ ፈጬ) · ግንቦት 12

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ከብሎካችን ጀርባ እስከ አጥሩ ድረስ ያለው ቦታ ስንገባ የሲሚንቶ ፍርስራሽና የሽቦ ቁርጥራጭ ተከምሮበት ነበር። እኔና ግራውንድ ያለችው ጎረቤቴ አስነሳነው። ዛሬ ጎመን፣ ቆስጣና ቀይ ሥር አለው። ዳር ዳሩን ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ይዞታል። ልጆቼ ካሮት ከመሬት እንደሚነቀል ያወቁት እዚህ ነው።

ችግሬ ዕቃው ነው። ዶማ፣ አካፋ፣ መኮትኮቻ፣ የውሃ ጎማ፣ ማጠጫ፣ ባልዲ፣ ቦቲ ጫማ፣ የኮምፖስት ጆንያ አለ። እስካሁን ደረጃ ሥር ነበር የማስቀምጠው። ባለፈው ሳምንት ኮሚቴው ወረቀት ለጠፈ፦ "ደረጃ ሥር የተቀመጠ ማንኛውም ንብረት ይነሳ።" አነሳሁ። አሁን ሁሉም በረንዳዬ ላይ ነው። በረንዳው ላይ ደግሞ ልብስ ይሰጣል፣ ምጣድ አለ፣ የሽንኩርት ጆንያ አለ።

አፈሩ ዋልካ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሲዘንብ አካፋው ላይ ተጣብቆ አብሮኝ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ደረጃው ሲጨቀይ ጎረቤት ያጉረመርማል፣ እውነታቸውን ነው። ከሥራ የምገባው 11 ሰዓት ነው። 12 ተኩል ላይ ይጨልማል። በመሃል ያለችውን ሰዓት ተኩል ዕቃ በማውረድና በማውጣት ነው የምጨርሳት። ባለቤቴ "ወይ እኔ ወይ ዶማው" ማለት ጀምሯል።

ልተወው ይሆን እያልኩ ነው። እናንተ የት ነው የምታስቀምጡት?

ሳሎን_ገበሬ (ጀሞ) · ግንቦት 12

እኔ አልጋ ሥር ነው። ሚስቴ ሻንጣ ነው የሚመስላት። ኪኪኪ

ጡረተኛው (የካ አባዶ) · ግንቦት 13

ልጄ፣ እንዳትተዪው። መጀመሪያ ይህን ልበልና ወደ ዕቃው እሄዳለሁ።

በ2012 ኮሮና ሲገባ በእኛ ሰፈር ያልተከለ ሰው አልነበረም። በባልዲ፣ በአሮጌ የመኪና ጎማ፣ በተቀደደ ጆንያ ሳይቀር ሰላጣ ተተከለ። ዓመት ሳይሞላ አብዛኛው ተወው። ሲጠየቅ "ጊዜ የለኝም" ይላል። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ቀድመው የተዉት ዕቃቸው የራቀባቸው ናቸው። አንዱ አካፋውን ለወንድሙ አውሶ በዚያው ቀረ። አንዷ መኮትኮቻዋ ከስንት ካርቶን ሥር እንደገባ አታውቀውም። አረም ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ሐምሌ ላይ ሁለት ሳምንት ፊት ከነሱት ጎመኑ የት እንደነበረ ይጠፋል። አንዴ ከጠፋ ደግሞ ሰው እጅ እጅ ይለዋል፣ አይመለስም። እስከ ዛሬ የቀጠሉት በር ከፍተው እጃቸውን ሲሰዱ መኮትኮቻው የሚገኝላቸው ናቸው። ስለዚህ የዕቃውን ቦታ ከዘሩ እኩል አስቢበት።

ሁለተኛ፣ ዕቃሽን ለሁለት ክፈዪው። ዶማና አካፋ መደብ ሲዘጋጅ ነው የሚያስፈልጉት። ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ጊዜ፣ በጋ ላይ ውሃ እያጠጣሽ ስትተክዪ ደግሞ አንድ ጊዜ። በመሃል ያርፋሉ። የየቀኑ ዕቃ መኮትኮቻ፣ መቀስና ጓንት ነው። እነዚህ አንድ ባልዲ ውስጥ ይገባሉ። ባልዲውን ግራውንድ ያለችው ጎረቤትሽ በር አጠገብ ብታስቀምጪው አትከለክልሽም። ከባዱ ትንሽ ቢርቅም ግድ የለም።

እኔ ግራውንድ ስለሆንኩ ይቀለኛል። በረንዳዬ ግድግዳ ላይ አንድ ረጅም ጣውላ መትቻለሁ። ምስማሩ ጥንድ ጥንድ ነው። የዶማው ራስ በሁለቱ ምስማር ላይ ያርፍና እጀታው ወደ ታች ይንጠለጠላል። መሬት የሚነካ ብረት የለም። ከኋላው የእያንዳንዱን ዕቃ ቅርጽ በከሰል ስዬዋለሁ። ሰው ተውሶ ያልመለሰው ነገር ካለ ቅርጹ ባዶውን ያሳብቃል። የአካፋው ቅርጽ ባዶ ሲሆን ጎረቤቴ እኔ ሳልጠይቀው ራሱ ያመጣዋል። ያፍራላ።

ሦስተኛ ዝገት። ሠርተሽ ስትጨርሺ ዋልካውን በእንጨት ስባሪ ፍቀሽ አውርጂው። በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ከዚያ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባ ማድረግ ነው። ማንኛውም ጋራዥ በነጻ ይሰጥሻል።

ቆስጣ_በሽሮ (ለገጣፎ) · ግንቦት 13

ጋሼ፣ በሁሉም እስማማለሁ፣ በተቃጠለው ዘይት ግን አልስማማም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሞተሩ ያነሳው የብረት ብናኝና ሌላም ቆሻሻ አለበት። ያ አካፋ ተመልሶ የሚገባው የምንበላው ጎመን ሥር ነው። ኑግ ዘይት እያለልን ምን አስቸገረን? ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ሲደርቅ ስስ ሽፋን ይሠራል። ለእንጨት እጀታ ደግሞ ቀለም ቤት የሚሸጠው የተልባ ዘይት ጥሩ ነው፣ እንጨቱ አይሰነጠቅም። ብቻ የቀባችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትወረውሩት። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ራሱን በራሱ እስከ ማቀጣጠል ይደርሳል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ጡረተኛው (የካ አባዶ) · ግንቦት 13

ኑጉ ይሁን ልጄ። ዘንድሮ ግን የዘይት ዋጋ እያየሽ ዶማ ቅቢ ትይኛለሽ? ለምግብም አልበቃ።

ቆስጣ_በሽሮ (ለገጣፎ) · ግንቦት 13

የሾርባ ማንኪያ አይሞላም ጋሼ!

ቃለ_ጉባኤ (ገላን) · ግንቦት 14

እኔ የብሎክ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ (የእናንተ ብሎክ አይደለም፣ አትደንግጪ)። በኮሚቴው ወገን ትንሽ ልናገር።

ደረጃ ሥር ዕቃ እንዳይቀመጥ የምንለው በክፋት አይደለም። እሳት ቢነሳ ከላይ ያለው ሰው የሚወጣው በዚያው ደረጃ ነው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ አዛውንት በጎማ ተጠልፎ ሊወድቅ ይችላል። አንዱ አካፋ ሲያስቀምጥ ሌላው አሮጌ ፍሪጅ ያመጣል፣ ሦስተኛው የበግ ገመድ ያስራል። የት ላይ ታቆመዋለህ?

በሕጉም ቢሆን በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ፣ ቁጥር 370፣ የግል ቤትና የጋራ መጠቀሚያን ለይቶ ያስቀምጣል። ደረጃውም ግቢውም የሁላችን ነው። ይህ ማለት ደግሞ የአራተኛ ፎቅም ነው ማለት ነው። ስለዚህ በሩ አልተዘጋም። ማድረግ ያለብሽ ይህን ነው። ከኋላ፣ ከመውጫ የራቀ፣ መስኮት የማይጋርድ ቦታ ምረጪ። "የጋራ የአትክልት ዕቃ ሳጥን እናስቀምጥ" ብለሽ በጽሑፍ አቅርቢ። "የእኔ" አትበዪ፣ "የጋራ" በዪ። ሲጸድቅ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሰው ይፈርም። ኮሚቴ ይቀየራል፤ ወረቀት ግን ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ግንብ ወይም ቆርቆሮ ቤት መሥራት ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። ቋሚ ግንባታ ወረዳ ሳይጠየቅ አይነካም። የሚነሳ ሳጥን ላይ ብትቆዩ ይሻላችኋል።

ነገር_አዋቂ · ግንቦት 14

ጎመኑ ሲታደል ብሎኩ በሙሉ ፌስታል ይዞ ይመጣል። አካፋው ሲቀመጥ ግን "የጋራ መጠቀሚያ" ተባለ። ጉድ እኮ ነው።

ቃለ_ጉባኤ (ገላን) · ግንቦት 14

እሱም እውነት ነው። ስብሰባው ዕለት ጎመን ይዛ ትምጣ።

አራተኛ_ፎቅ (ኮዬ ፈጬ) · ግንቦት 14

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ጋሼ ጡረተኛው፣ የባልዲውን ነገር ዛሬውኑ አደረግኩት። ጎረቤቴ "ድሮስ መቼ ከለከልኩሽ" አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ኮሚቴውንም ጠይቄያለሁ። "ሌባ ይወስደዋል፣ ኋላ እኛን እንዳትጠይቂ" አሉኝ። ሌባውን ምን ላድርገው? ሰፈራችን ብረት አይበረክትም። የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን እንኳን ይነሳል።

ልዋጭ_የለም (ቡራዩ) · ግንቦት 14

እህቴ፣ ብረት ውጭ ካደረ የቆራሌው ነው በይ። እኛ ሰፈር አንዱ ጎረቤታችን የጠፋበትን መቆፈሪያ በማግስቱ ከቆራሌው ጆንያ ውስጥ አይቶ ገዝቶ ተመለሰ። የራሱን መቆፈሪያ! ሲከራከር "ስም ተጽፎበታል?" ተባለ።

ስለዚህ ስም ጻፉበት። ጋለ ያለ ብረት ይዞ እጀታው ላይ የቤት ቁጥር ማሳረፍ ነው። ብረቱን ደግሞ ደማቅ ቀለም ቀቡት፣ ብርቱካንማ ወይ ቢጫ። ሁለት ጥቅም አለው። ሌባ የሚታወቅ ዕቃ አይወድም። እናንተም አረም ውስጥ ስትረሱት ከሩቅ ይታያችኋል።

አዲስ ዕቃ መግዛትም ግዴታ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ብረት የተቀጠቀጠ መኮትኮቻና ዶማ አለ። አንዳንዱ ከመኪና ባልስትራ የተሠራ ነው። ቀጭን ከውጭ የመጣ ዕቃ ዋልካ ላይ ሲታጠፍ እሱ ንቅንቅ አይልም። ቢሰረቅም ሆድ አያቃጥልም።

ውርጭ_በላ (ሱሉልታ) · ግንቦት 15

እኔ እንኳን ከእናንተ እለያለሁ፣ ግቢ አለኝ። ግቢ ያለው ሰው ግን ዕቃ ማስቀመጫ አያጣም ብላችሁ እንዳታስቡ። ሰርቪሱ በተከራይ ተይዟል። የቀረው የዶሮ ቤት ነው።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። የዶሮ ቤቱን ጣሪያ ከፍ አድርጌ ከላይ ቆጥ ሠራሁለት። ባሕር ዛፍ አጣና፣ ከላዩ ጣውላ። ከታች ዶሮ፣ ከላይ ዕቃ። ዶሮዎቹ ሰው ሲጠጋ ስለሚንጫጩ ጥበቃም ናቸው። ችግሩ የዶሮ ኩስ እርጥበት አለው፣ ጠረኑም ብረት ያዝጋል። ስለዚህ ከታች ገለባ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። የወጣው ኩስ ኮምፖስት ውስጥ ይገባል። በቀጥታ ተክል ላይ እንዳታደርጉት፣ ያቃጥለዋል።

እኛ ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆንን ከእናንተ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ እንላለን። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይመጣል። ጎማ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ ይገኛል፣ ጎማውም ይሰነጠቃል። እናንተ ቆላ ናችሁ (አትቆጡ፣ ከእኛ አንጻር ነው)፣ የእናንተ ጎማ ጠላት ፀሐይ ነው። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ላይ የተኛ ጎማ እንደ ደረቅ ቋንጣ ይሰባበራል። ውሃውን አፍስሳችሁ፣ በሰፊው ጠቅልላችሁ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ምስማር ላይ አትስቀሉት፣ የተሰቀለበት ቦታ ይታጠፍና እዚያው ላይ ይቀደዳል። አሮጌ የመኪና ቸርኬ ግድግዳ ላይ አስራችሁ እሱ ላይ ጠምጥሙት።

ፈረቃ_ውሃ (ቱሉ ዲምቱ) · ግንቦት 15

ጎማ ያላችሁ ታድላችኋል። እኛ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እሱም ሌሊት። ጎማ ገዝቼ ምን ላጠጣበት? በጄሪካን ነው። ግን አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ከጣሪያ የሚወርደውን የክረምት ውሃ በበርሜል ከያዝኩ በኋላ ጎመኔ የቧንቧ ውሃ አይናፍቀውም። በርሜሉን ብቻ ክደኑት። ትንኝም አይገባ፣ ልጅም አይግባ።

እናት_ነኝ · ግንቦት 15

ሁላችሁም ስለ ዶማ አወራችሁ፣ ስለ መድኃኒቱ አንድም ሰው አላነሳም።

የተባይ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች የተረፈውን በሃይላንድ ላስቲክ ገልብጠው ኩሽና ያስቀምጣሉ። እባካችሁ። ልጅ የውሃ ላስቲክ ሲያይ ውሃ ነው የሚመስለው። አዋቂም በጨለማ አይለይም። መድኃኒት ከነዕቃው፣ ከነጽሑፉ፣ በሚቆለፍ ቦታ፣ ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ። ቤት ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። የመርጫውን ዕቃ ደግሞ ለሌላ ነገር አትጠቀሙበት።

ለራሴ ከሆነ ለጥቂት መደብ ጎመን መድኃኒት አልገዛም። ትሉን በእጄ እለቅማለሁ። ቅጠሉን ገልበጥ አድርጌ እንቁላሉን በጣቴ እጨፈልቃለሁ። ለአፊድ (ቅጠሉን ለሚመጠው ጥቃቅን ተባይ) የሳሙና ውሃ እረጫለሁ። ደስ አይልም ግን ይሠራል።

ማዳበሪያም እንደዛው። ዩሪያ እርጥበት ይስባል፣ አየር ካገኘ ይሟሟና ይጋገራል። ከብረት ዕቃ ጋር ካስቀመጣችሁት ብረቱን ይበላዋል። ክዳን ያለው የቀለም ባልዲ ውስጥ ለብቻው።

ዕድር_ዳኛ (አቃቂ) · ግንቦት 16

ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ሁላችሁም አዲስ ነገር ትሠራላችሁ፤ ያለውን ማን አየው?

ዕድር የላችሁም እንዴ? የየትኛውም ዕድር ዕቃ ቤት ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ ትሪ አለው። ጥግ ላይ ደግሞ ዶማና አካፋ አለ፣ ለቀብር። እኛ ለአባላት አትክልት ሠሪዎች አንድ ጥግ ለቀናል። የራሳቸውን ዕቃ ያስቀምጣሉ፣ ስማቸው መዝገብ ላይ አለ። ቆርቆሮው አያፈስም፣ ጓጉንቸሩ ከባድ ነው፣ ዘበኛ አለው። ወር ላይ ትንሽ ነገር ይከፍላሉ፣ ወደ ዕድሩ ገቢ ይሆናል።

ነገር_አዋቂ · ግንቦት 16

ጋሼ፣ በቀብር አካፋ ነጭ ሽንኩርት ሊተከል ነው?

ዕድር_ዳኛ (አቃቂ) · ግንቦት 16

የቀብሩ የቀብር ነው፣ ማንም አይነካውም። እጀታው ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሮበታል። የአትክልቱ ለብቻው ነው። አፈሩ ግን ያው አፈር ነው ወንድሜ።

አራተኛ_ፎቅ (ኮዬ ፈጬ) · ግንቦት 16

ሃሳቡ በጣም ደስ አለኝ። እኛም ዕድር አለን፣ አዲስ ቢሆንም። ችግሩ ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው። እሱ ደግሞ ከሥራ የሚገባው ከእኔም በኋላ ነው። 11 ሰዓት ላይ ማን ይከፍትልኛል?

ዕድር_ዳኛ (አቃቂ) · ግንቦት 16

ለየቀኑ ዕቃ አይሆንም፣ ልክ ነሽ። ከበድ ላለው ነው። የእጅ ጋሪ፣ መጥረቢያ፣ ትርፍ ቆርቆሮ፣ ክረምት ሲያልፍ የሚጠቀለለው ላስቲክ። በዓመት ጥቂት ቀን የሚፈለገውን ነገር ቤትሽ ለምን ትሸከሚዋለሽ?

በያጅ_ነኝ (ሰሚት) · ግንቦት 17

እሺ፣ የኔ ተራ። የላሜራ ሳጥን ብዙ ሠርቻለሁ፣ ለጄነሬተርም ለአትክልት ዕቃም። ሰው አምጥቶ የሚያስጠግነው ሁሌ በተመሳሳይ ቦታ የበሰበሰ ነው፣ ከታች። መሬት ላይ ስለሚያስቀምጡት ነው። ስለዚህ እንዲህ አሠሪ።

ፍሬሙ ቱቦላሬ ይሁን፣ ልባሱ ላሜራ። እግሩ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ክዳኑ ዘንበል ይበል፣ ከፊት ለፊቱ ትንሽ ወጣ ብሎ እንደ ባርኔጣ ይጋርድ፣ ውሃ በር ላይ እንዳይወርድ። ከክዳኑ ሥር በሁለቱም ጎን ተርታ ቀዳዳ ይበሳ። ይህን ሰው ይረሳዋል። አየር የማይገባበት የብረት ሳጥን ቀን ሲሞቅ ማታ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያልበዋል። ዝናብ ሳይገባ ዕቃው ይዝጋል። ወለሉ ላይም ጥቂት ቀዳዳ ይኑር። እርጥብ ቦቲ ታስገቢያለሽ፣ ውሃው የት ይሂድ?

ጓጉንቸሩ ውጭ ተንጠልጥሎ ከታየ በመጋዝ ይቆረጣል። ቁራጭ ወፍራም ቱቦ ዙሪያውን ይበየድለት። እጅ ከሥር ገብቶ ይከፍታል፣ መጋዝ ግን አይገባም። ማጠፊያው በውስጥ በኩል ይሁን። ከተበየደ በኋላ ብየዳው በደንብ ተፍቆ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም)፣ ከላዩ ሁለት እጅ ቀለም። ጥቁር አትቀቢው፣ ፀሐይ ይጠጣል። ውስጡ ዘር ካለ ይበስላል።

የአፈሩ ነገር ደግሞ፤ ዋልካ ላይ ኮንክሪት እንዳታስደፊ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ስስ ኮንክሪት አይችለውም። ጠፍጣፋ ድንጋይ በአራቱ እግር ሥር አድርጊ። ሲያዘም በሽብልቅ ታስተካክይዋለሽ። ሳጥኑን ከአጥሩ ቋሚ ብረት ጋር በሰንሰለት እሰሪው።

ጡረተኛው (የካ አባዶ) · ግንቦት 17

ይህ ሰው ያውቃል። ስለ ዋልካው አንድ ልጨምር። ያ ሜዳ ኮንዶሚኒየም ሳይሆን በፊት ጤፍና ሽምብራ ነበር የሚበቅልበት። ገበሬው ክረምቱ ሲወጣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበታል። ከመስከረም በኋላ ባዶ የሚቀር መደብ ካለሽ ሽምብራ ጣል አድርጊበት። እሸቱን ልጆች ይወዱታል። ክረምት ላይ ደግሞ መደቡን ከፍ አድርጊው፣ ዳሩ ላይ ቦይ ይኑረው። ዋልካ ውሃ ይዞ ሥር ያፍናል።

ዘር_ሰብሳቢ (አያት) · ግንቦት 17

ዘር ግን በምንም ተአምር ላሜራ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥ። ቢጫም ብትቀቡት ይሞቃል። ዘር የሚወደው ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ ውስጡ ትንሽ ደረቅ አመድ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ቤት ውስጥ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ። የዘሩ ስምና የተሰበሰበበት ወር በወረቀት ይግባ። የቃሪያ ዘር ሲቆይ አቅሙ ቶሎ ይደክማል፣ የቲማቲም የተሻለ ይቆያል። አይጥ ባለበት ቤት ፌስታል አይታመንም።

አራተኛ_ፎቅ (ኮዬ ፈጬ) · ግንቦት 24

ስብሰባው ትናንት ተደረገ። ጎመን ይዤ ሄጄ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሁለት ሰዎች ተቃወሙ። አንዱ "አይጥ ይፈለፈልበታል" አለ። ሌላዋ "ነገ ሁሉም ሳጥን ካመጣ ግቢው ወደብ ይሆናል" አለች። ሁለተኛው ያስኬዳል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ብሎኩ አንድ ሳጥን ብቻ እንዲኖረው፣ የፈለገ ሰው እንዲገባበት ተስማማን። አሁን ሦስት ቤተሰብ ነን። ሁለቱ እስካሁን ምንም አልተከሉም፣ ሳጥኑን ሲሰሙ ነው የተመዘገቡት። ቁልፍ ለእያንዳንዳችን ይቀረጻል። ቃለ ጉባኤውም ተፈረመ። መድኃኒት እንዳይገባበት የሚል መስመር እኔ ራሴ አስጨምሬበታለሁ፣ እናት_ነኝ አመሰግናለሁ። የሦስታችን ዶማ ሦስት ከሚሆን አንድ ትተን ሌላውን ዕድር ዕቃ ቤት ልናስገባው ነው።

በያጅ_ነኝ፣ ልኩን ንገረኝ። የአካፋዬ ርዝመት ከእነ እጀታው አንድ ሜትር ከሠላሳ ይሆናል። ከላይ የሚከፈት ይሻላል ወይስ ከፊት?

በያጅ_ነኝ (ሰሚት) · ግንቦት 24

የውስጥ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከስልሳ ይሁን፣ እጅሽ ጫፉ ላይ ቦታ እንዲያገኝ። ወርዱ ስልሳ ሳንቲም፣ ቁመቱ ሰባ። ከዚያ ከጠለቀ ታች ያለውን ለማውጣት ውስጡ መግባት ሊኖርብሽ ነው።

ከፊት ይከፈት። ከላይ የሚከፈት ክዳን ላይ ሰው ዕቃ ይደረድርበታል፣ ከዚያ ለመክፈት መጀመሪያ ማውረድ ይመጣል። ሌላው፣ ከላይ ሲከፈት ረጅሙ ዕቃ ሁሌ ከአጭሩ ሥር ነው የሚገኘው። ከፊት ከሆነ ሁለት መደርደሪያ ይገባል። ረጅሙ ከታች፣ ባልዲና ማጠጫ መሃል፣ ጓንትና መቀስ በበሩ ውስጥ በኩል መንጠቆ ላይ።

ክረምት ሳይጠና አሠሪው። ዝናብ እየዘነበ ቀለም አይይዝም።

ልዋጭ_የለም (ቡራዩ) · ግንቦት 25

በያጅ፣ ለእኔም አንድ። ከሰሚት ቡራዩ ባጃጅ ይጭነዋል?

በያጅ_ነኝ (ሰሚት) · ግንቦት 25

ባጃጅ? እሱን ከጫንክ ሹፌሩ የት ይቀመጣል? ቡራዩ በያጅ ሞልቷል ወንድሜ፣ ልኩን ይዘህ እዚያው አሠራ። የጓጉንቸሩን ቱቦ ብቻ እንዳይረሳብህ።